እናቱ ያልታየች ቡችላ

ባየህ ከበረቱ ደጃፍ ተንበርክኮ የቡችላውን አፍ በሁለት እጁ ፈልቅቆ ይዟል። የታችኛው መንጋጋ ወርዶ ተንጠልጥሏል፤ ለሃጩ እንደ ተልባ ውሃ እየተጎተተ የባየህን ክንድ ያርሳል። ሌባ ጣቱን እስከ ጉሮሮው ሰደደና ዳበሰ። ምንም የለም። አውጥቶ በሱሪው ጠረገና መልሶ ሰደደ።

«አጥንት ነው» አለ። «ተሰንቅሮበት ነው።»

ሚስቱ ገላነሽ ከሽንኩርቱ ክምር ሥር ተቀምጣ ቅጠሉን በማጭድ እየቀረጠፈች ነበር። ቀና ብላ አየችው።

«የምን አጥንት?»

«የምን አጥንት ትላለች እንዴ! የውሻ ምግቡ ምንድን ነው?»

«አንተ ሰው፣ ሳምንቱ ገብርኄር አይደለም እንዴ? ከቅበላ ወዲህ በዚህ ደጅ ሥጋ አልፎ ያውቃል? ቡችላው ከመጣ ገና ሦስት ሳምንቱ ነው። በሩዝና በሽሮ ያደገ ፍጥረት አጥንት ከየት አምጥቶ ይሰነቀርበታል? ከጎረቤት ነው እንዳትለኝ ደግሞ፤ የቁሐር ሚካኤል ሰው በሞላው ጿሚ ነው።»

ባየህ ወደ እጁ ተመለከተ። ጣቱ ገና ከቡችላው ጉሮሮ ውስጥ ነው። ትናንት ሽንኩርት ሲሰበስብ ማጭድ የሸረከተው ጣት ነው፤ ቁስሉ አልደረቀም።

ያን ጊዜ የሁለት ቀኑ ነገር ሁሉ ባንድ ላይ መጣበት። ቡችላው ከትናንት ወዲያ የውሃውን ጣሳ አይቶ ሸሸ። ትናንት የበረቱን ምሰሶ ነከሰና አልለቅም አለ። ድምፁ ተሰነጠቀ፤ እንደ ሽማግሌ አውራ ዶሮ ሆነ። ባየህ ይህን ሁሉ አይቷል። አይቶ፣ «ጥርስ እያበቀለ ነው» ብሎ አለፈው። ሰው የተመካበት ውሻ ሲታመም፣ በሽታው ለጎረቤት ነው እንጂ ለባለቤቱ አይታየውም።

እጁን ከእሳት እንደሚያወጣ መንጭቆ አወጣ።

«ሳሙና!» አለ። «ሳሙና አምጪ! እንዳትቀርቢ፣ ከዚያው ወርውሪልኝ!»

ገላነሽ ሳሙናውን ወረወረች፤ ጀሪካኑን በእግሯ ገፋችለት። ውሃው ሲንቆረቆር ቡችላው ሰምቶ ከአንገቱ ጀምሮ ተንቀጠቀጠ፤ ጉሮሮው ባዶውን ይውጣል። ባየህ ቅርጫት ደፋበት፤ ከላዩም ድንጋይ ጫነበት።

«አብዷል» አለች ገላነሽ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እመቤቴ ማርያም፣ አብዷል። ነክሶሃል?»

«አልነከሰኝም።»

«ጣትህ ግን...»

«አልነከሰኝም አልኩሽ!»

ያስጮኸው ጣቱ አልነበረም። ከአንድ እናት የተወለደ፣ ከዚሁ ቡችላ ጋር በአንድ ካርቶን የመጣ ሌላ ቡችላ ወረታ ላይ አለ። ያለው በእህቱ በስመኝ ቤት ነው። የስመኝ ልጅ እየሩስ አምስት ዓመቷ ነው፤ ቡችላውን ካላቀፈች እንቅልፍ አይወስዳትም። ያን ቡችላ ለዚያ ቤት የሸጠው ባየህ ራሱ ነው።

የነካ ይረሳል፤ የተነካ ግን አይረሳም። ባየህ በስመኝ ባል በአያልነህ የተነካው ብዙ ነው። እስከ ስድስተኛ ክፍል አብረው ተምረዋል። የባየህ እጅ ጽሕፈት ማተሚያ ነበር፤ መምህሩ ሰሌዳ ላይ የሚያጽፉት እሱን ነው፤ አያልነህ ከሱ ደብተር ነበር የሚገለብጠው። ከዚያ የባየህ አባት «ከብቱን ማን ይጠብቅ?» አሉና ነገሩ በዚያው ቀረ። ገልባጩ አሥራ ሁለተኛን ጨረሰ፤ ወረታ ላይ የሩዝ መፈልፈያ ተከለ፤ ፒካፕ ገዛ፤ በመጨረሻም የባየህን እህት አገባ። መፈልፈያው የተመረቀ ቀን ባየህን በእንግዳ ፊት ትከሻውን ይዞ፣ «ይኸውላችሁ የሚስቴ ወንድም! እጁ ያምራል፤ ከረጢት ላይ ቁጥር የሚጽፍልኝ እሱ ነው» አለ። ሰዉ ሳቀ። ባየህም አብሮ ሳቀ። እንዲህ ያለውን ሳቅ ሰው ይስቀዋል እንጂ አይወጣለትም።

አምና ደግሞ ጊደሩ ተሰረቀችበት። አያልነህ ሊያጽናናው መጣ፤ ለማጽናናት የመጣው ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት አፉን ከፈተ።

«ያ ውሻህ ሌባውን እስከ አስፋልቱ ሸኝቶት ተመለሰ አሉ» አለ። «ስንቅስ አልቋጠረለትም?»

ጎረቤቱ ሁሉ ጋቢውን አፉ ላይ አደረገ።

«እኔስ ለመጋዘኔ የጀርመን ውሻ እያፈላለግሁ ነው» ብሎ ቀጠለ። «የአበሻ ውሻ የሚጮኸው ሲርበው ብቻ ነው።»

ባየህ ጀርመን ፍለጋ የወጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ሐሙሲት ላይ፣ ከዋናው መንገድ ጀርባ፣ አበረ የሚባል ውሻ አርቢ እንዳለ ነገሩት።

በባየህ አባት ቤት ቡችላ በብር አይገዛም ነበር። ቡችላ የፈለገ ሰው ኩርማን እንጀራ በወጥ ለውሶ ይሄዳል፤ መጀመሪያ እናቲቱን ያበላል፤ እሷ በልታ ዝም ካለች ነው ቡችላውን የሚያነሣ። «እናቱን ያላየኸውን ውሻ ደጅህ አታስገባ» ይሉ ነበር። ባየህም ወደ ሐሙሲት ሲሄድ ገላነሽ በሽሮ የታሸ እንጀራ በፌስታል ቋጥራለት ነበር። አበረ ፌስታሉን ሲያይ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«የማን ምሳ ነው፣ ያንተ ነው የሷ? አያ ባየህ፣ ይኼኮ ጀርመን ነው! ጀርመን በሽሮ አይደለልም!»

«ልያት ብዬ ነው እንጂ...»

«አትታይም። አራስ ናት፤ ትናከሳለች።»

ከተቆለፈው የቆርቆሮ ክፍል ሰንሰለት ሲጎተት ይሰማል። ሌላም ድምፅ ይሰማል፤ ጩኸትም አይደለም፣ ልቅሶም አይደለም፣ የተሰነጠቀ ነገር ነው። ባየህ ሰምቷል። አበረ ግን ወሬውን አላቋረጠም።

«ላም ብታረባ በዓመት አንድ ጥጃ ነው። እሷ በዓመት ሁለቴ፣ ስምንት ስምንት። መሬት አትፈልግ፣ ዝናብ አትጠብቅ። በሬ የምጠምድ ሞኝ ነኝ?»

«ክትባቱስ?»

አበረ ከመሳቢያው ስምንት ባዶ ካርድና ከጫማ ሶል የተቀረጸ ማህተም አወጣ።

«ገዢ ክትባት አይጠይቅም፤ ካርድ ነው የሚጠይቅ። የኔ እጅ ደግሞ የዶሮ ጭረት ነው። አንተ የተማርህ ሰው ነህ፤ ስምንቱንም ሙላልኝና ሁለቱን ቡችላ በአሥራ ሁለት ሺህ ውሰድ።»

የተማርህ ሰው ነህ! ይህን ቃል ባየህ ሠላሳ ዓመት ሲጠብቀው ኖሯል። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ቀኑን፣ የክትባቱን ዓይነት፣ የሐኪሙን ስምና ፊርማ፣ ስምንት ጊዜ፣ በዚያ ባማረ እጁ ጻፈ። የሐኪሙን ስም ከራሱ ነው የፈጠረው። ሲጨርስ አበረ አንዱን ካርድ ወደ ብርሃን አንሥቶ «አቤት!» አለ። የተቋጠረውን እንጀራ ባየህ ሲመለስ ሚኒባስ ውስጥ ራሱ በላው።

አንዱን ቡችላ ለአያልነህ በአሥር ሺህ ሸጠለት። «ከባሕር ዳር ያስመጣሁት ነው፤ ተከትቧል፤ ካርዱ ይኸው» አለው። አያልነህ ማህተሙን አየና ካርዱን ሳያነብ ለስመኝ አቀበላት፤ ብሩንም ሳይከራከር ቆጠረ። ያን ቀን ባየህ እስከ ቤቱ ድረስ ብቻውን እየሳቀ ገባ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እየጾመ፣ እያስቀደሰ፣ ያቺን ሳቅ እንደ ማር ሲልሳት ከረመ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት የሚባለው ይኼው ነው።

«ደውልላቸው እንጂ!» አለች ገላነሽ።

ስልኩን አወጣ፤ የስመኝን ቁጥር አገኘ። ምን ይበላት? ውሻው አብዷል ቢል፣ የተከተበ ውሻ እንዴት ያብዳል ይሉታል። ያን ጊዜ ካርዱ ከመሳቢያ ይወጣል። ካርዱ ከወጣ አያልነህ ያነበዋል፤ አያልነህ ደግሞ ያን እጅ ያውቀዋል። አንዴ ጠራለት፤ ዘጋው።

«ምነው?»

«መጀመሪያ ሐሙሲት ሄጄ እናቲቱን ልያት። እሷ ደህና ከሆነች ያበደው የኛው ብቻ ነው፤ እዚሁ ሰፈር ሌላ ውሻ ነክሶት ነው። ሰው በከንቱ አላስደነግጥም።»

«ወረታ ይቀርባል» አለች ገላነሽ።

«አውቃለሁ የሚቀርበውን!»

«የሚቀርበውን ትተህ የሚርቀውን የምትሄደው ታዲያ ምን ልትሆን ነው?»

ባየህ በታጨደው የሩዝ ማሳ መካከል አቋርጦ ወደ አስፋልቱ ሮጠ። ጥቁሩ አፈር ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ስንጥቁ እግር ይይዛል። ከወዲያ ማዶ የውሃ ሞተሮች ሽንኩርት ያጠጣሉ፤ ድምፃቸው ጭንቅላቱ ውስጥ የሚመታ መሰለው። ሁለት ሚኒባስ ሞልቶ አለፈው። ሦስተኛው ሲቆም ረዳቱ «ጎንበስ በል፣ ቦታ አለ» አለው፤ ቦታ አልነበረም፤ ገባ።

ስልኩ ጮኸ። ስመኝ ናት። እስኪያቆም ድረስ ዝም ብሎ አየው። እንደገና ጮኸ። አጠገቡ ድንች በማዳበሪያ ያቀፈች ሴት፣ «አንሣው እንጂ ወንድሜ፤ የቸገረው ሰው ነው እንዲህ የሚደጋግም» አለችው። ባየህ ስልኩን ደረት ኪሱ ከቶ በመዳፉ አፈነው።

ባየህ አበረን ደጁ ላይ ቆሞ ለአዲስ ቡችሎች ሽርክት ሩዝ ሲበትን አገኘው።

«ኧረ አያ ባየህ! ሌላ ልትጨምር መጣህ?»

«እናቲቱን አሳየኝ።»

«የቷን እናት?»

«የኔን ቡችላ እናት።»

«ሸጥኋት።»

«ለማን?»

«ለመንገደኛ ነዋ!»

ባየህ አልፎት ወደ ቆርቆሮው ክፍል ገባ። በሰንሰለቱ ላይ ያለችው ሌላ ናት፤ ገና ጮርቃ ናት፤ ጡቷ ግን አሁኑኑ መሬት ሊነካ ደርሷል፤ ጎድኗ ይቆጠራል። ሰው ስታይ ወደ ጥግ ተሸጎጠች። የበሩ የታችኛው ጣውላ ተበልቶ ሰንጥሯል፤ ስንጥሩ ላይ የደረቀ ደም አለ።

«ይኼን ጣውላ ማን በላው?»

አበረ እጁን ወደ ሩዙ ጣሳ ሰደደ።

«ቡችላዬ አብዷል። እጄን እስከዚህ ድረስ አፉ ውስጥ ከትቻለሁ። ሌላው ከእህቴ ልጅ ጋር ነው የሚተኛው። አንዲት ነገር ብቻ ንገረኝ፤ እንዴት ሞተች?»

«እኔ ሐኪም ነኝ? መብላት እምቢ አለች፣ መጠጣት እምቢ አለች። ማጥባቱንም እምቢ ብላ ቡችሎቹን ትነክስ ጀመር፤ አወጣኋቸው። አንተ በሄድህ ማግስት ሞተች።»

«ስትነክሳቸው አይተህ ሸጥህልኝ።»

«ጫር ነው ያደረገቻቸው...»

«አይተህ ሸጥህልኝ!»

አበረ የሩዙን ጣሳ መሬት አስቀመጠ። ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ ጠፋ።

«እንግዲህ ተወው። ድምፅዋን ስትሰማ እዚያው ቆመህ ነበር። ምን ሆና ነው ብለህ ጠየቅኸኝ? ያልተወጋውን ተወጋ ብለህ ስምንት ጊዜ ስትጽፍስ እጅህ ተንቀጠቀጠ? እኔን የምታረባኝ አንተ ነህ፤ አንተና መሰሎችህ። ለክትባት ገንዘብ ባወጣ ዋጋ ጨምር ብትባል ትጨምራለህ? ክሰሰኝ። አብረን ነው የምንገባው።»

እውነቱን ነው። እውነት ከእንዲህ ያለ አፍ ሲወጣ ደግሞ የበለጠ ያቃጥላል።

«ሌሎቹ ስድስቱስ?»

«ሄደዋል። ሁለቱን የጭነት ሹፌሮች፣ ሌላውን የመንገዱ ዳር ሰው ወስዷል። ስም አልያዝሁ። ዶሮ የሚሸጥ ሰው ስም ይመዘግባል?»

ስልኩ ጮኸ። አሁን አነሣው።

«አያ! ምነው ስደውልልህ የማታነሣው!» አለች ስመኝ። «ይኼ ውሻ እየሩስን ነከሳት።»

«መቼ?»

«ትናንት። እጇን ነው፤ ትንሽ ናት፤ ፌጦ ቀባሁላት። አያልነህ ባሕር ዳር ካልወሰድኋት ብሎ ነበር፤ የተከተበ ነው ብዬ የከለከልሁት እኔ ነኝ። ካርዱንም አይቸዋለሁ፤ ሙሉ ነው። ዛሬ ግን ውሃ አልጠጣም አለ፤ ምን ልስጠው?»

ባየህ የቆርቆሮውን ግድግዳ ያዘ።

«ስመኝ፣ ስሚኝ። ውሻውን መጋዘን ውስጥ ዝጊበት። ማንም እንዳይነካው። የልጅቷን እጅ በሳሙና እጠቢው፤ ፌጦውን አንሺና በሚወርድ ውሃ ብዙ እጠቢው።»

«ምነው? ተከትቧል አይደል?»

«መጣሁ» አለና ዘጋው። መጣሁ ማለት ምን ማለት ነው? ቃሉን በስልክ መጨረስ ሲችል፣ የግማሽ ሰዓት መንገድ ይዞት ሄደ። በሚኒባሱ ውስጥ አንዴም ወንበሩ ላይ አልረጋም፤ በየፌርማታው በረዳቱ ላይ ጮኸበት።

«አባቴ፣ ምጥ የያዛት ሚስት አለችህ?» አለው ረዳቱ።

የአያልነህ መፈልፈያ ማሽን እያጓራ ነው። የሩዝ ገለፈቱ ከጀርባ ተራራ ሆኗል። በሩ ላይ ሁለት ጭነት መኪና ቆሟል፤ ነጋዴ ይንጫጫል። ባየህ ከግቢው በር ቆመ። ማሽኑ ሲቆም እገባለሁ አለ። ማሽኑ ቆመ። ነጋዴው ሲሄድ እገባለሁ አለ። እየሩስ አየችው፤ እየሮጠች መጥታ የታጠበ እጇን ዘረጋችለት። አውራ ጣቷ ሥር ሁለት ቀያይ ነጥብ አለ፤ ስንዴ አያህልም።

«አጎቴ፣ ጌታው ተቆጣኝ» አለች። ቡችላውን ጌታው ነው የምትለው። «እማዬ ዘጋችበት። አንተ አስከፍትልኝ።»

አያልነህ ከኋላዋ ብቅ አለ፤ ከራስ ጠጉሩ እስከ ጫማው የሩዝ ብናኝ ለብሷል።

«ና እንጂ ባለ ጀርመን! ስመኝን በስልክ ስታስጨንቃት ዋልህ አሉ።»

«ልጅቷን ባሕር ዳር ውሰዳት። አሁን።»

«ነገ እወስዳታለሁ። የምታየው ጭነት ነው፤ ሰዎቹ ከጎንደር ነው የመጡት።»

«ነገ አይሆንም፤ ዛሬ!»

«ምን አስቸኮለህ? ተከትቧል ያልከኝ አንተ አይደለህም? ስመኝ! ያን ካርድ እስቲ አምጪው፤ ወንድምሽ የገዛ ቃሉን ረስቷል።»

ስመኝ ካርዱን ይዛ ወጣች። ባየህ ካርዱ እጁ እስኪደርስ አልጠበቀም፤ ቢጠብቅ የሚናገር አልመሰለውም።

«ውሸት ነው። አልተከተበም። የሐኪሙ ስም የኔ ፈጠራ ነው። የጻፍሁትም እኔ ነኝ። እናቲቱ አብዳ ሞታለች፤ የኔውም ዛሬ ጠዋት አብዷል። ከባሕር ዳር አይደለም ያመጣሁት፤ ከሐሙሲት ነው። እናቲቱን አላየኋትም።»

ስመኝ «አያ!» ብላ ቀረች። ልጅቷን ከባየህ ጎን መንጥቃ ወደ ራሷ ሳበቻት።

አያልነህ ካርዱን ተቀበለ። ለመጀመሪያ ጊዜ አነበበው። ከንፈሩ እንደ ተማሪ ልጅ ይንቀሳቀሳል። ባየህ ጥፊውን ጠበቀ፤ እንዲያውም ናፈቀው። በጥፊ ቢያልቅ ምንኛ ቀላል ነበር። አያልነህ እጁን አላነሣም።

«ስድስት ዓመት ከደብተርህ ገለበጥሁ» አለ ቀስ ብሎ። «አንድ ቀን ስሕተት አጽፈኸኝ አታውቅም ነበር።»

ባየህ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አያልነህ ያን ረስቶታል ብሎ ነበር የሚያስበው። መርሳቱን ነበር የሚጠላው። አሁን እንዳልረሳው ሲሰማ፣ የሚይዘው ጠፍቶት የቆሰለ ጣቱን በሌላው እጁ ጨበጠ።

«እሱ ምንድን ነው?» አለ አያልነህ ጣቱን እያየ።

«አፉ ውስጥ ከትቸው ነበር።»

«ግባ መኪናው ውስጥ። እናንተ!» አለ ወደ ነጋዴዎቹ ዞሮ፣ «ዛሬ ጭነት የለም።»

«እንዴ አቶ አያልነህ! ከጎንደር ድረስ መጥተን...»

«የለም አልሁ!»

ባሕር ዳር እስኪደርሱ እየሩስ ብቻ በየመንገዱ የምታየውን ላም ትቆጥራለች፤ ስታበዛ ከአሥራ አንድ ወደ አሥር ትመለሳለች። ሆስፒታል ሲደርሱ ነርሷ ቁስሉን በውሃና በሳሙና ረጅም ጊዜ አጠበችው፤ ባየህ ሰዓት ሲቆጥር ቆየ። መርፌው ሲገባ እየሩስ ነርሷን «አንቺ ጅብ!» ብላ ሰደበቻት። ነርሷ «እሱ ስምማ በዚህ ቤት የተለመደ ነው፣ እቴ» አለቻት። ቀጥሎ የሚመለሱባቸውን ቀኖች ነገረቻቸው፤ አንዱንም ቀን እንዳይዘሉ አስጠነቀቀች።

«ትድናለች?» አለ አያልነህ።

«በጊዜ መጥታችኋል። ክትባቱን ጨርሱ። ነገ ከነገ ወዲያ ብላችሁ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አፌን ሞልቼ አልነግራችሁም ነበር።» ወደ ባየህ ዞረች። «እርስዎም እጅጌዎን ይሰብስቡ። ከአንድ እናት ስንት ናቸው የተወለዱት?»

«ስምንት።»

«ሁለቱን አወቅን። ስድስቱ የት አሉ?»

መርፌው ገብቶ ወጣ፤ ባየህ አልተሰማውም። ወደ ውጭ ሲወጣ ገላነሽ ደወለች፤ ቡችላው ከቅርጫቱ ሥር ሞቷል። ጥልቅ አድርጋ እንድትቀብረው፣ በእጇ እንዳትነካው ነገራት። ከዚያ ለአበረ ደወለ። አልተነሣም። ደግሞ ደወለ። ተዘጋ። ግቢውን ከጫፍ ጫፍ ሲመላለስ አያልነህ የመኪናውን በር ደግፎ ያየዋል። ስመኝና ልጅቷ ባሕር ዳር ዘመድ ቤት ሊቀሩ ነው።

«ምን ትንጎራደዳለህ?»

«ሐሙሲት ልወርድ ነው። ስድስቱን ልፈልግ።»

«በምን?»

«በእግሬም ቢሆን።»

አያልነህ ምራቁን ተፋ። «ግባ» አለው። ባየህ የጋቢናውን በር ያዘ። «ከኋላ ነው እንጂ! ጋቢና ለሰው ነው።»

ባየህ ይቺንም ሰማት። ከቀድሞዎቹ ጋር አስቀመጣት፤ ሰው ባንድ ቀን አይለወጥም። ግን ወደ ኋላ ዞሮ ከባዶ ከረጢቶቹ መካከል ወጣና ብረቱን ይዞ ቆመ።

ሐሙሲት ሳይደርሱ ጀምሮ በየቤቱ ተመለከተ። ከታች ሆኖ የማይታየው ሁሉ ከላይ ይታያል፤ ከአጥሩ በላይ፣ ከባሕር ዛፉ አጠና በላይ፣ ጓሮ ለጓሮ። ነፋሱ ዓይኑን ያስለቅሰዋል፤ በክንዱ እየጠረገ ያያል። ዶሮ። የታሰረ ጥጃ። የተሰጣ በርበሬ። ከተማውን ገብተው ሊወጡ ሲሉ፣ ቆርቆሮው ባልተቀባ አንድ ቤት ጓሮ፣ ጥቁርና ቡናማ፣ ጆሮው ገና ያልቆመ ነገር መሬት ላይ ተዘርግቶ አየ።

የጋቢናውን ጣሪያ በጡጫ ደበደበ። አያልነህ ፍሬኑን ሲይዘው ባየህ በከረጢቶቹ ላይ በግንባሩ ተደፋ።

«ምን አየህ?» አለ አያልነህ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ። «ቡችላውን?»

«ልጆች» አለ ባየህ። አንድ እግሩ መሬት ነክቷል። «አራት ናቸው፤ ከበውታል።»